ከበዓለ ወልድ ወደ ኋላ

የአረጋውያን ሕክምና ልማር ነው፣ ለዚያውም ተወዳድሬ የምርምር ፌሎውሺፕ የሚባለውን ዕድል አግኝቼ፣ ብዬ ዋግ ውስጥ ዝቋላ ላሉት ቤተሰቦቼ የነገርኩ ዕለት ታላቅ ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ወይ አንቺ ልጅ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ለሕፃን ሐኪም አለ፣ ለወላድ ሐኪም አለ፣ እሺ። ሽማግሌ ሐኪም ምን ያደርግለታል? የንስሐ አባቱ አለለት» አለኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተዋት እስቲ። እርጅና ብቻህን ና ሲባል አልሰማህም? አብሮት የሚመጣውን የሚያባርር አንድ ሰው እንኳ ይማርልን» አለችው። እኔ ቱግ ባይ ነኝ። ወንድሜን አንድ ሁለት ክፉ ቃል ተናግሬው ነበር፤ ያስታረቀችን እሷው ናት።

ሥልጠናው አዲስ አበባ ነው። ግማሹ ሕመምተኛ ማየት፣ ግማሹ ምርምር። ከሁሉም ልቤን የያዘው አንድ ትምህርት ነበር። ዓመታት ፈጅቶ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ መጃጀት አለ፤ በቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ መቃዠት ደግሞ አለ። ይኼኛው እርጅና አይደለም። ከሥሩ ኢንፌክሽን ይኖራል፣ ወይ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ፣ ወይ የመድኃኒት ጣጣ። ሥሩን ካከሙት ሰውዬው ይመለሳል፤ ካላከሙት አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እኛ አገር ግን ሁለቱንም «ጃጀ» ብለን በአንድ ቃል እንሸኛለን። ስንቱን ሊድን የሚችል ሰው ሸኝተን ይሆን እያልኩ እንገበገብ ነበር።

ሁለቱን ከሚለዩት መንገዶች አንዱ ቀላል ነው፤ ሰውዬውን የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስቆጠር። ልቡ የተበተነበት ሰው አይችልም። ለዋግ አሮጊቶችና ሽማግሎች ግን የወሩን በዓላት ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል ብዬ ያንኑ የምርምር ርዕሴ አደረግሁት። መጀመሪያ የሞከርኩት ለፋሲካ አገሬ ስገባ በእናቴ ነው። «በዓለ ወልድ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ጊዮርጊስ፣ ማርያም፣ ገብርኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ሚካኤል…» እያለች ልደታ ድረስ ወረደችው። እኔ ስሞክር አቦን ዘለልኩ። «ይቺን ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ድረስ ወስደው የሚያስተምሩሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ክረምቱ ሲገባ ወንድሜ ደወለ።

«እማ ጃጀች» አለኝ።

«መቼ ጀመራት?»

«ሰኞ።»

«መጃጀት በሰኞ አይጀምርም!» ብዬ ጮኽኩበት። ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ልብሷን እየጣለች ትወጣለች፣ እኛንም አታውቀንም፣ አንዴ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳ ነው የመለስናት አለኝ። አሁን የት ናት ብለው ስለ ዝናቡ ያወራልኝ ጀመር። ደግሜ ጠየቅሁት።

«አስረናታል» አለ። «ምን አባቴ ላድርግ? ገደል ትግባልሽ? ጠፍሩ እጇን እንዳይበላት ከሥሩ ጨርቅ አድርጌለታለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጠበል እወስዳታለሁ።»

በሞትኩት! እናቴ እንደ ወይፈን በጠፍር ከምሰሶ ጋር ታስራለች። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። ትኩሳት እንዳላት ጠየቅሁት። እንደ እሳት ትፋጃለች፣ ሽንቷ ሲመጣባትም ትጮኻለች አለኝ። የሽንት ኢንፌክሽን ነው፤ ፈሳሿም አልቋል። ጀማሪ ተማሪ እንኳ የሚለየው ነገር ነው። «ወንድምዓለም፣ ጠበሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሰቆጣ ሆስፒታል አድርሳት» ብዬ ለመንኩት። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ እየተፈራረቁ መኪና መንገድ ድረስ አወጧት። እኔም ፈቃድ ለምኜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። የምትንከባከባት ነርስ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ትሑት ልጅ ናት። «እናትዎ ሳያቋርጡ ያወራሉ፤ እኔ ግን የሚሉት አይገባኝም» አለችኝ። እናቴ አማርኛው ሁሉ ጠፍቷት በኽምጣና ብቻ ነበር የምታወራው፤ ልጅ ሆና አፏን በፈታችበት ቋንቋ። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «ፍቱኝ፤ ልጆቼ ይራባሉ፤ ፍቱኝ» ነው የምትለው። እዚያ አልጋ ላይ ማንም አላሰራትም።

ከዚያ በኋላ የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ትመለሳለች ወይስ በዚያው ትቀርብኛለች? መርፌው በሰዓቱ ይሰጣታል። እኔ ደግሞ የተማርኩትን አደረግሁ። መስኮቱን ከፍቼ ብርሃን አስገባሁ፣ ዕለቱን እየደጋገምኩ ነገርኳት፣ ውኃ በማንኪያ አጠጣኋት፣ በቋንቋዋ አወራኋት። ወንድሜ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ግባ ብለው አይገባም፤ ምግብ ብሰጠው አይበላም።

አንድ ረፋድ ላይ ዓይኗን ገልጣ ትኩር ብላ አየችኝና በአማርኛ፣ «ምነው ከሳሽሳ?» አለችኝ።

አፈር ስሆን፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ነርሷም፣ «እግዜር ይመስገን፣ ከመሞት መሰንበት» እያለች አብራኝ አለቀሰች። ትንሽ ስንረጋጋ፣ መመለሷን ላረጋግጥ ብዬ፣ «እማ፣ እስቲ በዓላቱን ከመጨረሻው ቁጠሪልኝ» አልኳት።

«በዓለ ወልድ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ጊዮርጊስ፣ ማርያም…» ብላ ቆመች። ተመልሳ ጠፋች ብዬ ገብርኤልን ላስታውሳት ስል ቀደመችኝ።

«በማርያም ዕለት ነው ያሰሩኝ» አለች። «ልጄ ነው ያሰረኝ። ሚስቱ እግሬን ይዛለት። ራቁቴን ነበርኩ፤ የጎረቤት ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል። ጨርቅ አድርጎልኛል፣ እያለቀሰ ነው ያሰረኝ፣ አውቃለሁ። ምን በድዬው ነው እያልኩ ጠይቄዋለሁ፤ አልመለሰልኝም።» ከዚያ ትንሽ ተንፍሳ፣ «ገብርኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ሚካኤል…» እያለች እስከ ልደታ ጨረሰችው። አንድም አልሳተችም።

በእኛ ሙያ ይኼ ሙሉ በሙሉ መዳን ይባላል። የሚመለስ ሰው የሆነበትን ሁሉ ይዞ ሊመለስ እንደሚችል አንብቤያለሁ፤ ማንበብ ግን ሌላ ነው። የእጇን አንጓ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና፣ «ለወንድምሽ ምንም አታስታውስም በይው። ይኼን በልቡ ይዞ ማረስ አይችልም» አለችኝ።

ወጣሁ። ወንድሜ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ የጠየቀኝ ዳነች ወይ ብሎ አይደለም። «ታስታውሳለች?» ነው ያለኝ።

«በሽታው ያስረሳል» አልኩት። ወድቆ መሬት ሳመ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ትኩሳት ባየህባት ቀን፣ ሽንቷን አቃጠለኝ ባለች ቀን፣ አንድ ቀን ሳታድር አምጣት ብዬ አስማልኩት። ማለልኝ። እኔም ተመልሼ ምርምሬን ቀጠልኩ፤ ውጤቱን ሳቀርብ አጨበጨቡልኝ። በስልክ ስንገናኝ እናቴ ደህና ነኝ ትላለች። ድምፅዋ ላይ ምንም አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ክረምት ወንድሜ ደወለ። «እማ አረፈች» አለኝ።

ለቅሶው ላይ ደረስኩ። ትኩሳት ነበራት ወይ አልኩት። «እንጃ፣ መቼ አስነካችን? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥቂት ቀን ተኛች። አሞሻል ወይ ስንላት ደህና ነኝ። ሰቆጣ እንውሰድሽ ስንላት ደህና ነኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም» አለኝ። የገነዘቻት ምራቷ ለብቻዬ ጠርታኝ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ነጠላዋን ነክሳው ስለነበር ከጥርሷ ለማላቀቅ ተቸግረዋል፤ ሁለት እጇም ከጀርባዋ ሥር ገብቶ ነው የተገኘው።

ወይ እናቴ! ትኩሳቱ ሲጀምራት ምን እንደሚከተል ታውቃለች። አፌን ከከፈትኩ እቃዣለሁ፣ ከቃዠሁ ያስሩኛል ብላ ነው። እጇን የደበቀችው ከገዛ ልጇ ነው፤ ነጠላዋን የነከሰችውም እሱ ዳግመኛ እንዳያለቅስ ነው። ይኼን ለማን እነግራለሁ? ውስጤ እርር ብሎ ግቢው ጥግ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊያጽናናኝ ነው የመጣው። ትከሻዬን ይዞ፣ «በርቺ እንግዲህ። ትምህርትሽ ከንቱ አልቀረም» አለኝ። «ያን ጊዜ አንቺ ነሽ ያዳንሽልን፤ ዳግመኛ አልጃጀችም እኮ። ልቧ ሙሉ እንደሆነ ነው የሄደችው። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችንም።»