ድረ ገጼ የነጠቀኝ ተማሪ

ጂንካ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን የሙዚቃ ኪቦርድ እናስተምር ነበር። ተማሪ ሲመጣ ያገኘውን አስተማሪ ይይዛል። እኔ ሰዓት አክባሪ ስለሆንኩ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው እኔን ነው። ጓደኛዬ መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ሰላም ካላለ አይገባም።

ተማሪዎች በስልካቸው አስተማሪና ሰዓት መርጠው የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮድ መጻፍ በራሴ ተማርኩ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እየተራገምኩ ጨረስኩት። ምርጫ ሲያገኙ ሁሉም እሱን መረጡ። በገዛ ሥራዬ የእሱ ሰዓት ሞልቶ የእኔ ባዶ ሆኖ ሳይ አንጀቴ አረረ። እሱ እኮ ድረ ገጹን ከፍቶ እንኳ አያውቅም።

አንዲት ተማሪ ብቻ አልተወችኝም። ከጎረቤት ከተማ ከገዘር የምትመጣ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ለመጫወት የምትማር ልጅ ናት። ጆሮዋ ለጉድ ነው። ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ እሷን ብቻ እንዳላጣ ነበር የምፈልገው።

የምትማረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የገዘር ሚኒባስ ደግሞ ሳይሞላ አይነሳም። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ፣ ተማሪ ሩብ ሰዓት ካረፈደ ትምህርቱ በራሱ እንዲሰረዝ አድርጌ ነበር። አንድ ቅዳሜ አረፈደች፣ ተሰረዘ፤ እኔም ቆልፌ ወደ ገበያ ወጣሁ። እሷ ላቧን እየጠረገች ስትደርስ ጓደኛዬም እንደ ልማዱ አርፍዶ ሲመጣ በር ላይ ተገናኙ። "መምጣትሽ ነው ዋናው፣ ግቢ" ብሎ አስተማራት። በሳምንቱ ስሟን በእሱ ሰዓት ላይ አየሁት። ያን ሕግ ወዲያው አጠፋሁት፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

ሳገኛት፣ "ምን አጠፋሁ?" አልኳት።

"ምንም አላጠፉም ቲቸር። እርስዎ ጋ ስመጣ ግን መኪና ውስጥ ሆኜ ልቤ ይመታል" አለችኝ አንገቷን ደፍታ።

ከወራት በኋላ መዘምራኑን ስታጅብ እንድናያት ሁለታችንንም ጠራችን። ግራ እጇ በቁልፎቹ ላይ ሲሄድ እያንዳንዱን ጣት ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ እያልኩ በውስጤ እሟገት ነበር። ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጓደኛዬን ከበው ያመሰግኑት ጀመር። እሱ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት ሳበኝና፣ "መሠረቱን የጣለላት እሱ ነው፤ እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነው" አላቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡ። የዚያን ቀን ያህል ቀንቼበት አላውቅም።