የማዞሪያዋ አዲስ ድምፅ

ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤታችን ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ገና «ሃሎ» ሲል የደዋዩን ኩርፊያ እለያለሁ። አዲሷን ልጅ ከገጠር ሲያመጡልኝ ግን ጆሮዬን ያዝኩ። ስልኩን አንስታ፣ ከተራራ ማዶ ሰው የጠራት ይመስል «አቤት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ የማታውቀውን ደዋይ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቀው ጀመር። ሌሎቹ መስመሮች ይንጫጫሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ከተማ ነው ያለሽው» አልኳት። «ሰላምታሽ እስኪያልቅ ሰውየው ጡረታ ይወጣል።»

የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር ነው፤ ካላለፈች ወደ መጣችበት። ስለዚህ አልማርኳትም። ድምፅሽን ዝቅ፣ አፍሽን ፈገግ፣ «ምን ልታዘዝ?» ብለሽ ዝም። በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤቱ መስታወት ፊት ትለማመዳለች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ማለት ተወች፤ ታክሲ ውስጥም እንደኛው መስኮት መስኮቱን ማየት ለመደች። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ እንኳ «ይቺ የየትኛው ሰፈር ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ወለድኳት ደረቴን ነፋሁ።

ሙከራዋ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት አንድ ስልክ አነሳች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ። ደንግጬ ማዳመጫዬን ሰካሁ።

«እንደምን አደሩ እመቤቴ። ልጄን ያገናኙኝ ብዬ ነው፤ እዚያ ነው የምትሠራው።»

እናቷ ናት። የገዛ ልጇን «እርስዎ» ትላለች!

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። የወጣው ያው እኔ ያስተካከልኩት ድምፅ ነው።

«ምነው እመቤቴ፣ በእኔ በምስኪኗ ይቀልዳሉ? የወለድኳትን አጥቻት ነው?»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው!» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ይባስ ብሎ ዜና አንባቢ መሰለች።

«ይሁን፤ ሥራ ላይ ከሆነች አልቀየምም። እናትሽ ድምፅሽን ልትሰማ ብቻ ደውላ ነበር ይበሉልኝ። የሰው ስልክ ነው፣ ልመልስ።»

ተዘጋ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረችና በዚያው ባማረ ድምፅ፣

«እትዬ፣ ይሄን አስተማሩኝ። አሁን ደግሞ የድሮዬን ይመልሱልኝ» አለችኝ።

ከየት ላምጣላት? የራሴንም ከሠላሳ ዓመት በፊት የት እንደጣልኩት አላውቅም።