ለአንድ ቀን የመጡ መጻሕፍት

ዛሬ ጠዋት ከዊንጌት በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ ትምህርት ሚኒስትሩ ጉብኝት ያወራ ነበር። «ቤተ መጻሕፍቱን በተማሪዎች ተሞልቶ አገኘነው» አለ ጋዜጠኛው። እኔም አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ከሞሉት ልጆች አንዱ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ወሩ ኅዳር። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል፣ ጆሮም ይቆርጣል። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ያረጀ መጽሐፍ ብቻ ነው። የዚያን ጊዜው ሚኒስትር ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ግን አንድ አይሱዙ መጻሕፍት ጭኖ ግቢያችን ገባ። ርእሰ መምህሩ ከወዳጃቸው ትምህርት ቤት ለአንድ ቀን የተዋሷቸው ነበሩ። ስድስት ተማሪዎች ቦንቦሊኖ እየገመጥን፣ የባለቤቱን ማኅተም በነጭ ወረቀት ስንሸፍን ዋልን። ጣቶቻችን በዘይትና በኮላ ተጣበቁ።

እኔ መለጠፉን ትቼ ማንበብ ያዝኩ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከየቁራጭ ጋዜጣው ነው የለቀምኩት። እዚያ ግን ሰባት የግጥም መጻሕፍት አገኘሁ!

«አንተ ገጣሚ፣ ለጥፍ እንጂ!» አለኝ ጓደኛዬ አቤል።

«መጻሕፍቱ ነገ እኮ ይመለሳሉ።»

«ታዲያ ለሚኒስትሩ ክሰሳ!»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት። አልቀለድኩም።

በማግስቱ መጽሐፍ ገልጠን ተደርድረን ስንጠብቅ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋሽ ታፈሰ የሹራባቸውን እጅጌ እየጎተቱ ጠጋ አሉኝ። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ አቤል ነግሮኛል። መጻሕፍቱን ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከተነቃ የምባረረውም እኔው ነኝ።»

«ዝም ካልን ግን ማንም መጽሐፍ አይሰጠንም፣ ጋሼ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ። አላስገደዱኝም። ቢያስገድዱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚኒስትሩ ገቡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፊቴ ያለውን መጽሐፍ አንሥተው ገለጡት። አውራ ጣታቸው የለጠፍነውን ወረቀት ዳሰሰ፤ ጥጉ ተላቆ ነበር። ከኋላቸው ርእሰ መምህሩ ቆመዋል፣ በሩ ጋ ጋሽ ታፈሰ።

«እዚህ እየመጣህ ታነባለህ?»

ጋሽ ታፈሰን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

«በየቀኑ፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ያማረ ነገር ጽፈው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይሱዙው ተመልሶ መጣ።

ጋሽ ታፈሰ በሰላም ጡረታ ወጡ። በዚያው ዓመት መጽሐፍ ላጠራቸው ትምህርት ቤቶች ሲታደል እኛ ከዝርዝሩ ውጪ ሆንን፤ የእናንተማ ሙሉ ነው ተባለ። ከእኔ በኋላ እዚያው የገባችው ታናሽ እህቴም በእነዚያው ሁለት መደርደሪያዎች ተምራ ጨረሰች።

አሁን ግጥሞቼን በየመድረኩ አነባለሁ። ሰው ያጨበጭባል፤ እውነት ትናገራለህ የሚለኝም አለ። እስከ ዛሬ ከአፌ ከወጣው ሁሉ ግን ያለ አንዳች ጥርጥር የታመነልኝ ያ «በየቀኑ» ነው።