ነጯ ጉቶ

የግንድ ጫኝ መኪናው ሹፌር ማለዳ ማለዳ ጋቢና የሚያሳፍራቸውን ሽማግሌ ስም አያውቅም። ጫካው ውስጥ ሁሉም «ባለቀለሙ» ነው የሚላቸው። ሁለት ጣሳ ይዘው ይዞራሉ፤ ቀይ የቀቡት ዛፍ ለሳንቃ ይቆረጣል፣ ነጭ የቀቡት ለወፍና ለንብ ይቀራል።

ከመቀባታቸው በፊት ግንዱን በመጥረቢያ ደንደስ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ውስጡ ባዶ ከሆነ የጉጉት ቤት ነውና ነጭ ይቀቡታል። ቆራጮቹ «ለጉጉት ሲሉ የእኛን ጉሮሮ ዘጉ» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እሳቸው ወደ ቀጣዩ ዛፍ ያልፋሉ። ልማድ ሆኖባቸው የመኪናውን በር እንኳ ሳያንኳኩ አይገቡም። ከሥራ ሲወጡ ቀዩን ከጥፍራቸው ሥር እስኪጠፋ በናፍጣ ያሹታል፤ ነጩን ግን ይተዉታል።

ዛሬ ጭጋግ ነበር። ሹፌሩ እንደወትሮው መታጠፊያው ላይ ያለችውን ነጭ ጉቶ አይቶ መሪውን አዞረና፣ «አባባ፣ እርስዎ ግን ጆሮዎ ተሳስቶ አያውቅም?» ሲል ቀለደ።

ሽማግሌው ጣሳዎቹን በጉልበታቸው መሀል አጥብቀው ያዙ።

«አንዴ። ሙሉ ነው ብዬ ቀይ ቀባሁት። ለካ ውስጡ በስብሷል፤ ሲቆረጥ ተሰንጥቆ ባልታሰበበት በኩል ወደቀ። መጋዙን የያዘው ልጄ ነበር።»

ሹፌሩ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጯ ጉቶ ተመለከተ። እስከዛሬ ያቺን ጉቶ ቀለሟ በደበዘዘ ቁጥር እንደገና ነጭ የሚቀባት የመንገድ ሠራተኛ ይመስለው ነበር።