የእህቴ ክፍል ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ባሠራው ቤት የጂፕሰሙ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ ባለሙያ መጣ። ስንጥቁን በስለት ፈቅፍቆ ቀጭን መረብ ለጠፈበትና ከላይ እርጥብ ጂፕሰም ቀባው። የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ተነሥቼ ወጣሁ። ልጄ «ምነው እማዬ፣ አቧራው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ አቧራው አልነበረም።

ቤታችን ከራቤል ወጣ ብሎ፣ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ምንም ሳያግደው የሚደርስበት ተረተር ላይ ነበር። እኔ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ከባሏ ቤት በበቅሎ፣ ከግራ ከቀኝ ተደግፋ የመጣችው ያን ዓመት በበልግ ነው። ሳንባዋን ታማለች። ደብረ ብርሃን ወስደዋት መድኃኒት ጀምራ ነበር፤ መንገዱ ርቆባቸው ተቋረጠ። ዛሬ መኪናው ደጅ ድረስ ይመጣል። ያኔ በእግር ወይ በበቅሎ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ የሚነደው ኩበት ነው። ጭሱ ደረቷን ሲዘጋው እናቴ በሩን ትከፍታለች፤ በሩ ሲከፈት ብርዱ ይገባል። አባቴ ይህን ሲያዩ ሰነበቱና ከድንጋዩ ቤታችን ጎን ጭስ የማይደርስባት አንዲት ክፍል ሊሠሩላት ቆረጡ። ክረምቱ ሳይገባ ማለቅ ነበረባት። ከጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ሳይደርቅ ማገሩን አዋቀሩት።

ግድግዳውን እንዲመርጉ የጠራናቸው ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቋሚውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና አባቴን፣

«ኧረ ይሄ ውሃው ገና አልደረቀለትም። ሲደርቅ ይኮማተራል። ከድንጋዩ ጋር የሚጋጠምበትን ይሰነጥቅብሃል» አሏቸው።

«ምን ይሻለዋል?»

«ከርሞ ቢመረግ ነበር።»

አባቴ ወደ ቤት ዘወር አሉ። እህቴ ስትስል ይሰማል። «እስከ ከርሞ የት ላስተኛት?» አሉ። ሽማግሌው ጭቃውን ሊያዩ ሄዱ።

ጭቃውን የረገጥነው እኔና እናቴ ነን። የገብስ ጭድ ገብቶበት፣ እስኪሸት ሰንብቶ ነበር፤ ብርዱ እግሬን እስከ ጉልበቴ ያደነዝዘዋል። ሽማግሌው አሮጌ ጆንያ በቀጭን በቀጭኑ ቀደው፣ ጭቃ ውስጥ ነከሩና መጋጠሚያው ላይ ለጠፉት። በላዩም ሌላ ጭቃ መረጉበት። «ይኼ ይይዘው ይሆናል» አሉ። እህቴ የገባች ለት ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ፣ «እንዴት አድርጋችሁ አለሰለሳችሁት!» ብላ ሣቀች። ስትሥቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ግድግዳው ክረምቱን ቻለ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ግን እንጨቱ ይደርቅ ጀመር። አንድ ጧት ስገባ ማእዘኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጆንያው ራሱ ተተርትሯል። አባቴ ደፈኑት፤ ብዙም ሳይቆይ ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። ሽማግሌው ተጠርተው መጡ። ስንጥቁን በቢላ አሰፉት፣ ውሃ አጠጡት፣ ጭድ የበዛበት ጭቃ ጠቀጠቁበት። እሱም ደርቆ ለቀቀ። «እንጨቱ ደርቆ እስኪያበቃ ነው እንግዲህ» አሉ፣ አባቴን ቀና ብለው ሳያዩ።

የጥቅምት ውርጭ መጣ። እሳት እንዳናነድላት ጭሱ አለ፤ እንዳንተወው ነፋሱ። ከበግ ጸጉር በተሠራ ባና እየጠቀለልን ግራና ቀኝ እንተኛለን፤ እሷ ግን ትንቀጠቀጣለች።

አንድ ጧት እግሯን ሳሽላት አባቴ ጭቃ ይዘው ገቡ። ፀሐይዋ በስንጥቁ ገብታ ደረቷ ላይ አርፋለች። እህቴ የከሳ እጇን ብርሃኑ ውስጥ አስገብታ፣

«አባዬ፣ ይቺን አይድፈኑብኝ» አለች።

«ብርድ ይገባብሻል፣ ልጄ።»

«ፀሐይም ትገባልኛለች።»

አባቴ ጭቃውን እንደያዙ ቆሙ። በጣቶቻቸው መካከል እያለፈ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሊደፍኑትም ሊተዉትም አልቻሉም። በሬ ገደል ሲገባ እንኳ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ እንደዚያ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። በኋላ ወጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ የበግ ጸጉር ጠቅልለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ስንጥቁን በጸጉሩ ይወትፉታል፤ ሲነጋ ይነቅሉላታል። እህቴም እጇን ትዘረጋለች። እኔ ሳላውቅ ብርሃኑ ላይ ስቆም፣ «ፈቀቅ በይ፣ ጋረድሽባት» ይሉኝ ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አባቴ እንደ ወትሮው ጸጉሩን ነቀሉት። ፀሐይዋ ገባች። እህቴ እጇን አልዘረጋችም። አባቴ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው እናቴን ጠሩ።

በዓመቱ፣ ተዝካሯ ካለፈ በኋላ፣ ሽማግሌው ሳንጠራቸው ጭድ ተሸክመው መጡ። «አሁን ደርቋል። ከእንግዲህ አይሰነጠቅም» አሉ። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ አውድማ ወረዱ፤ ሥራው እስኪያልቅ አልተመለሱም። ሽማግሌውም እንዳሉት ሆነ።

ክፍሉን የገብስ ማስቀመጫ አደረግነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ እናቴ ገብስ እንዳመጣ ላከችኝ። ገብቼ በሩን ስዘጋው ነፋስ የለም። ክፍሉ ይሞቃል። እህቴ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው ቆየሽ?» አለች እናቴ ከደጅ።

በሩን ከፍታ ገባችና ቆመች። ሙቀቱ እሷንም ሳይሰማት አልቀረም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ገብሱን ሳልቀዳ፣ ባዶው ቅርጫት ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ሁለታችንም እዚያው ቆየን።