«ግመል ፈላጊው»ን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሁለት ዓመት የጻፍኩት የስልክ ጨዋታ ሲወጣ፣ «ደራሲ» በሚለው ሥር የገባው የአለቃዬ ስም ነው። የኔን ከታች «መረጃ ሰጪ» ብለው ጻፉት። እኛ አገር መረጃ ሰጪ የሚባለው ለፖሊስ ወሬ የሚያቀብል ሰው ነው።

ይህን ሥራ ስጀምር አርባ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቆቦ ከብት ገበያ ደላላ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ኢንጂነር ቢንያም የሚባል የጎብዬ ከተማ ልጅ ገበያ መጥቶ ሳሻሽጥ ሲሰማኝ ዋለና «ጋሼ ይመር፣ ለጨዋታ ንግግር ይጽፉልኛል?» አለኝ። ጨዋታ የሚጻፍ አይመስለኝም ነበር።

ቢሮው ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ቢንያም አለቃ፣ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ፕሮግራመር። የኔን ማዕረግ ስጠይቅ ቢንያም «ቀስ ብለን እናየዋለን» አለኝ። ያኔ ነበር ተነሥቼ መውጣት የነበረብኝ።

ጨዋታው ግመል ስለጠፋበት ሰው ነው። ከሮቢት ተነሥቶ፣ በቆቦ አልፎ፣ እስከ ዋጃ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ሰዎቹ የሚናገሩትን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር ያዝኩ። ተጫዋቹ ይህን ከመረጠ ወደ ገጽ ሰባት፣ ያንን ከመረጠ ወደ ገጽ አሥራ ሁለት። ኪቦርድ ላይ ፊደል ስፈልግ ስለሚመሽብኝ፣ ሰዓዳ ከደብተሬ እያየች ታስገባዋለች።

የመጀመሪያው ጠብ በሰላምታ መጣ። ሮቢት መግቢያ ላይ እመት ዘሃራ የሚሏት አሮጊት አለች። ተጫዋቹ ስለ ግመሉ ከማንሳቱ በፊት ጤናዋን፣ ልጆቿን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠይቃታል። ስክሪኑን ዘጠኝ ጊዜ መንካት ነው።

«ጋሼ፣ ተጫዋቹ ይሰለቻል» አለች ሰዓዳ።

«ይሰልች።»

«ጥሎት ይወጣል እኮ!»

«ይውጣ። ሰላም ሳይል ግመል የሚጠይቅ ሰው፣ የሰረቀው ራሱ ነው የሚባለው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «በሉ እንደሱ እናድርገው» አለች። ሰላምታውን የሚያስዘልል ቁልፍ አበጀች። የዘለለ ተጫዋች ወሬው በስልክ ይቀድመዋል፤ ዋጃ ሲደርስ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

ጨዋታው ሲወጣ ሰው የወደደው ይህንኑ ነው። ቢንያም ሬዲዮ ላይ ቀረበ። «ሰላምታውን እንዴት አሰብከው?» ሲሉት «ያደግኩበት ነው» አለ። ቢንያም ጠዋት ቢሮ ሲገባ ሰላም የሚለኝ በአገጩ ነው።

ሄጄ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ታሪኩን ነገሩን። እሱን አልካድንም። የጻፈችው ግን ሰዓዳ ናት» አለኝ።

«ታዲያ የሷ ስም ለምን አልወጣም?»

ላፕቶፑን ከደነና ስልክ መደወል ጀመረ።

የጨዋታውን ሁለተኛ ክፍል አልጽፍም ብዬ ጎብዬ ከተማ፣ አባቱ አቶ መኮንን ዘንድ ሄድኩ። አቶ መኮንን ጎረቤታቸውን ሼህ ሙሄን ለሽምግልና ጠሩ። ቢንያምና ሰዓዳም መጡ። እኔ የኔን፣ እሱ የሱን ተናገርን።

ሼህ ሙሄ ጨዋታውን ካላየሁ አልፈርድም አሉ። ስልኩን ተቀብለው ሲነካኩ ሰላምታውን ዘለሉት። እመት ዘሃራ «ከቸኮልክ መንገዱ ያውልህ» አለቻቸው።

«አዑዙ ቢላህ! ይቺ ምን ያለች ናት!»

እንደገና ጀመሩ። የልጆቿን ጤና ጠየቁና፣ መልሷ ሳይታይ ስክሪኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«እስቲ ቢንያም፣ አሁን ምን ትላለች?»

«ደህና ናቸው… ነው መሰለኝ።»

ወደኔ ዞሩ።

«‹ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው አግብቶ የሚስቱ እናት ልጅ ሆኗል›» አልኩ።

መዳፋቸውን አነሱ። ሰዓዳ አነበበችላቸው። አንድም ቃል አልጎደለም። እንዲህ አድርገው በጨዋታው ውስጥ ያሉ ስድስት ሰዎችን አዳረሱ። እኔ ማንበብ ሳልችል የኖርኩበትን ዘመን ሁሉ ውልና ዋጋ የማኖረው በጭንቅላቴ ነበር፤ ደብተሬን መያዝ አልከበደኝም። ቢንያም ከስድስቱ አንዱንም አላገኘም።

አቶ መኮንን ልጃቸውን አዩት። «ሰውየው ከብቱን በምልክቱ ለይቷል። መልስለት።»

ቢንያም እሺ አለ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እሺ ያለው በየካቲት ነው። ከዚያ በኋላ «ማሻሻያው ሲወጣ፣ ማሻሻያው ሲወጣ» እያለ አመላለሰኝ። ስሜ እስኪወጣ ድረስ አንድ ገጽ አልጻፍኩለትም።

ይህን ሥራ የምትጀምሩ ሰዎች፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከመስጠታችሁ በፊት ስማችሁ የት፣ በምን ማዕረግ እንደሚወጣ አስጽፉና አስፈርሙ። እኔ አላደረግሁም።

ስሜ «ደራሲ» ከሚለው ሥር የገባው ሰኔ 11 ቀን ነው።