መዶሻው ያላማው ቀለም

ባለቤቴን ሰፈሩ መዶሻው ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የተጨማደደ የመኪና ላሜራ ሲያቃና ኖሮ ጆሮውም ወገቡም አለቁ። እኔም አብሬው አለቅኩ። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፉን ጓሮው መጠለያ ውስጥ የቆሙ ሁለት ባለ ሁለት በር የድሮ የስፖርት መኪናዎች ናቸው፤ አንዷ ጣሊያን፣ አንዷ ጃፓን። ከቁርጥራጭ ብረት አንስቶ ሰው ያደረጋቸው እሱ ነው። ጣሊያኗን ግን የቀባት ልጃችን ነው። እሷን ቀብቶ ሳይከርም ሞተ።

አከራያችን የመጠለያውን ግማሽ እፈልገዋለሁ ሲለን አንዷ መሄድ ነበረባት። ባለቤቴ መቼም ችኩል ነው፣ የድሮ መኪና ለሚሰበስብ ሰው በደላላ በኩል «መጥተህ የወደድካትን ውሰድ» ብሎ ላከበት። ምን ነካህ ብለው፣ ሰውየው ሞኝ ካልሆነ ጃፓኗን ነው የሚወስደው አለኝ። እሱ ደግሞ ከአፉ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንገቱን ቢቆርጡት ቃሉን አያጥፍም። በዚህ ግትርነቱ ተቃጥዬ ነው ያረጀሁት።

ሰብሳቢው መጣ። ትሁት ጎልማሳ ነው፣ ጫማውን ሳይቀር በሩ ላይ ጠርጎ የገባ። ባለቤቴ ሁለቱን ያወዳድርለት ጀመር። ጃፓኗ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች፣ መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ሞተሯም የራሷ ነው አለው። ጣሊያኗ መልክ ብቻ ናት፤ ወለሏን ዝገት ይወዳታል፣ ዝናብ ባየች ቁጥር መብራቷ ይጠፋል፣ መቀመጫዋ መሬት ለመሬት ስለሆነ ለመውጣት ሰው መጥራት ነው። ድምፅዋ ልብ ይሰርቃል እንጂ ሩቅ አታደርስም አለው። ይህ ሰው መኪና ሲያማ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጃፓኗ አዘነበለ፤ እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ተመልሶ ጣሊያኗ በር ላይ ጎንበስ አለ። ከእጀታው በታች የሻማ ጠብታ የምታህል የፈሰሰች ቀለም አለች። ልጄ ሲቀባ ቸኩሎ ያመለጠችው ናት። አባቱ በዚያ ሁሉ ዓመት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አላጠፋትም።

«ጋሼ፣ ለእኛ ለሰብሳቢዎች ዋናው ቀለሙ ነው። የቀባው ሰው እጁ እንዴት ነው?» አለ።

በቃ፣ አንዲት ቃል ነበር የቀረችው። ደካማ ነው ቢለው ሰውየው ጃፓኗን ይዞልን ይሄዳል። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። እኔ ልበልለት ብዬ አፌን ከፈትኩ። የሞተ ልጄን እጅ በምን አንደበቴ ልማው?

«እንደሱ ያለ ቀቢ አላየሁም» አለ ባለቤቴ።

የሰውየው ፊት በራ። እንግዲያው ይቺኑ ነው የምወስደው፣ ዝገቱን በኋላ አስጠግናለሁ፣ ይቺን ጠብታ ብቻ አስፍቃለሁ አለ። ባለቤቴ ቃሉ ነውና ቁልፉን ሰጠው።

መኪናዋ ስትወጣ የግቢውን በር ይዞ ቆመ። ድምፅዋ ሲርቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«አላማሁትም፣ አይደል?» አለኝ።

«አላማኸውም።»

እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ወደ መጠለያው ገብቼ ጃፓኗን ሸራ አለበስኳት። እሷን የቀባት ሌላ ሰው ነው።